«ምንም የለውም» አትበሉ

(ጡረታ የወጣች ነርስ ለክትባት ዘመቻ ለሚሰማሩ ወጣት ጤና ባለሙያዎች ያደረገችው ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ባዶ ወንበር አለ።

ከሦስት ቀን በኋላ የክትባት ሳጥናችሁን አንጠልጥላችሁ ትወጣላችሁ። ብልቃጡ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቀመጥ፣ መርፌው የት ጡንቻ ላይ እንደሚወጋ፣ መዝገቡ እንዴት እንደሚሞላ ሲነገራችሁ ሰንብቷል። እኔ የተጠራሁት «አልከተብም» ስለሚለው ሰው እንዳወራ ነው። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «የኅብረተሰቡን የግንዛቤ እጥረት ስለ መቅረፍ» ተብሎ ተጽፎልኛል። ሳየው ሳቄ መጣ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ስከትብ ኖሬያለሁ፤ ግንዛቤ ያጠረኝ ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ።

አንዲት እናት ላንሳላችሁ። የማህፀን በር ካንሰር ክትባት በአገራችን የተጀመረ ሰሞን ነው፣ 2011 ዓ.ም.። በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ጠረጴዛ ዘርግተን ተቀምጠናል፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላቸው ልጃገረዶች ተሰልፈዋል። ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ልጇን ከሰልፉ መሀል እጇን ይዛ አወጣቻት። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «ሲስተር፣ ለግፊቴ መድኃኒት ስመላለስ ‹የለም፣ ከውጭ ግዢ› ትሉኛላችሁ። ያልጠየቅኳችሁን ግን በመኪና ጭናችሁ፣ በነፃ፣ ልጄ ያለችበት ድረስ ታመጣላችሁ። ነገሩ ምንድን ነው?» አለችኝ።

እኔም «ምንም የለውም እናቴ፣ ለእናንተው ጥቅም ነው» አልኳት። ልጇን ይዛ ሄደች።

ያን ቀን ማታ ነው ነገሩ የገባኝ። ሴትዮዋ ስለ መድኃኒቱ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችው ስለ እኛ ነው። «ስፈልጋችሁ የማትገኙ ሰዎች ሳልፈልጋችሁ ለምን መጣችሁ?» ነው ያለችኝ። ይህ ጥያቄ ደግሞ መልስ ነበረው። የግፊቱን መድኃኒት ጤና ጣቢያው ከራሱ ገንዘብ ነው የሚገዛው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ መድኃኒቱም ያልቃል። ክትባቱን ግን ጋቪ የሚባል ዓለም አቀፍ ጥምረት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አገሮች በጅምላ፣ በርካሽ ይገዛል፤ የእኛም መንግሥት ድርሻውን ይጨምራል። ሁለቱ በሁለት የተለያየ መንገድ ነው የሚመጡት። ይህን በሦስት ዓረፍተ ነገር ልነግራት እችል ነበር። «የግፊት መድኃኒት ማጣትሽ ልክ አይደለም፣ ያሳፍረናልም» ብላት ደግሞ ምን ይጎድልብኝ ነበር?

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። «ሕዝባችን ክትባት አያውቅም» የሚል ነገር ስሰማ ቃሉን ራሱን እዩት እላለሁ። በግእዝ «ከተበ» ጻፈ ማለት ነው። ተጽፎ በቆዳ ተሰፍቶ ሕፃን አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብም፣ ክትባትም ከዚያው ግንድ የወጡ ናቸው። የእኛ ሰው ቆዳ ጫር አድርጎ መድኃኒት ማግባትን ከመጻፍ ጋር ነው ያዛመደው። ዘመናዊ መርፌ ሳይመጣ ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስደው በጤነኛ ሰው ክንድ ላይ በምላጭ ጫር አድርገው የሚያገቡ ሰዎች በየአገሩ ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ይህንን አይቶ ጽፏል።

ክታብ ካነሳሁ አይቀር አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ወጣት ሳለሁ አንዲት እናት ክታብ ያሰረ ሕፃን ይዛ መጣች። እኔ ያኔ ገና ከትምህርት ቤት መውጣቴ ነው፣ ሳይንስ በአፍንጫዬ ይወጣል። «ይሄን አውልቂለትና ነው የምከትበው» አልኳት። አወለቀች፣ ከተብኩት። በዘጠነኛ ወሩ ለኩፍኝ ስጠብቃት አልመጣችም። ለእሷ ክታቡም ክትባቱም ልጇን የሚጠብቁ ሁለት ነገሮች ነበሩ። ያጣላኋቸው እኔ ነኝ።

የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ ጎጃም ውስጥ ልጅ ነበርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ በአገሪቱ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተገኝቷል። ከታቢዎቹ መጡ ሲባል አባቴ እኛን አጎታችን ቤት ደበቀን። እንግዲህ አባቴ ክትባት የሚጠላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ክንዱ ላይ የመንደር ከታቢ የጫረው ጠባሳ ነበረው። «እኛ ተከትበናል፤ እነዚህ ደግሞ ምን ሊጨምሩልን ነው?» ነበር የሚለው። በሰሜኑ ደጋ አገር ዘመቻው ብዙ እምቢታ የገጠመው አንዱም በዚህ ነው፤ ሰው የራሱ መንገድ ነበረው። የመንደሩ ዘዴ ሕያው ፈንጣጣ ስለሚያስገባ የተከተበው ሰው ለጎረቤቱ በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችል ነበር። ያን አባቴ አያውቅም፤ የነገረውም የለም።

ሌላም ምክንያት ነበረ፣ እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው። በእኛ አገር ያኔ በብዛት የነበረው ቀላሉ የፈንጣጣ ዓይነት ነው፤ ከመቶ ታማሚ የሚሞተው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነበር። በእስያ የነበረው ከባዱ ዓይነት ግን ከመቶ ሀያ ያህሉን ይጨርስ ነበር። አባቴ ቁጥር አልቆጠረም፤ ግን ዓይን አለው። በየዓመቱ የወባን ሬሳ ይሸኛል፣ ከፈንጣጣ የተነሱትን ግን ገበያ ላይ ያገኛቸዋል። ሰው አዲስ ክትባት ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚመዝነው በሽታውን ነው። «ይህን ያህል ያስፈራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚመልስለትም ሠፈሩ ነው፣ ፖስተር አይደለም።

አባቴ የዘመቻውን ክትባት እስኪሞት አልወሰደም። ፈንጣጣም አልያዘውም። በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ የለም። አባቴም «አላልኳችሁም?» እያለ ኖረ። የክንድህ ጠባሳም ረድቶህ ይሆናል፣ ግን በሽታው የጠፋው ዙሪያህን ያለው ሰው ተከትቦ መግቢያ አጥቶ ነው ብዬ ባስረዳው፣ «እነሱ ስለ ተወጉ እኔ ዳንኩ? ታዲያ ምን አስቸኮላቸው!» አለኝ። ተሸንፌ ዝም አልኩ።

እምቢታ ደግሞ ነጭ ጋውን ለብሶም ይመጣል። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዓሊ ማው ማሊን የሚባል ሶማሊያዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977፣ መርካ ከተማ። ሥራው የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜም በዘመቻው ከታቢ ሆኖ ሠርቷል። እሱ ራሱ ግን መርፌው ያማል ብሎ ስለ ፈራ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ታማሚዎች የጫነ መኪና መንገድ ሊያሳይ ለጥቂት ደቂቃ ቢሳፈር ያዘው። ዳነ። ከብዙ ዓመት በኋላ በአገሩ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ውስጥ ገብቶ እምቢ ለሚሉ ወላጆች የራሱን ታሪክ እየነገረ ኖረ፤ በዚያው ሥራ ላይ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2013 በወባ ሞተ። እኔ ይህን ሰው የምወደው «ፈርቼ ነበር» ስላለ ነው። «ሕዝቡ ፈርቶ ነበር» አላለም።

እኛስ? የኮቪድን ጊዜ እናስታውስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ ክትባቱ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በይፋ ተጀመረ። ከስድስት ቀን በፊት 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኒካ ገብቷል፤ ለመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ጠብታ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ ለጤና ባለሙያ ተባለ። ቅዳሜ ተጀመረ። ሰኞ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣልያን ያንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ፤ ደም መርጋት ታይቷል ተብሎ።

ያን ሰኞ ሻይ ክበባችን ውስጥ የነበረውን ብታዩ! ዶክተሩም፣ ላቦራቶሪውም፣ እኛ ነርሶቹም ስልካችን ላይ ተደፍተናል። አንዱ ባልደረባችን፣ «ፈረንጅ የተፋውን እኛ እንዋጥ?» አለ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያለም ነበር። ልብ በሉ፣ ይህን የሚሉት የግንዛቤ እጥረት ያለባቸው የሚባሉት ሰዎች አይደሉም፤ ግንዛቤ ፈጣሪዎቹ ነን። እኔ ከሁሉም በዕድሜ ስለምበልጥ ነገሩን ላብርድ ብዬ «ምንም የለውም» አልኩ። መጀመሪያም ተከተብኩ። ሁለት ቀን አተኮሰኝ።

መጋቢት 9 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል አለ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። መጋቢት 29 ያው ተቆጣጣሪ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት የደም መርጋት ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ሆኖ ይመዝገብ አለ፤ ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ያህል። ያ ባልደረባዬ ኮሪደር ላይ አገኘኝና፣ «ሲስተር፣ ምንም የለውም አላልሽም?» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው፤ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ምንም ክትባት ጠይቆኝ አያውቅም።

ማለት የነበረብኝ ግልጽ ነበር። «እነሱ ሌላ ዓይነት ክትባት በእጃቸው አለ፣ ይህን ቢያቆሙ ነገ ያንን ይሰጣሉ። እኛ ያለን ይሄ ብቻ ነው፤ የፅኑ ሕሙማን ክፍላችን ደግሞ ሞልቷል። እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል የሚባለውን እያጠኑት ነው። እኔ ሁለቱን መዝኜ ልከተብ ወስኛለሁ።» በቃ። ሰው ሚዛኑን ሲያሳዩት ራሱ ይመዝናል። ሚዛኑን ደብቃችሁ ውጤቱን ብቻ ስትነግሩት ነው የሚጠራጠረው። ስለ 666 እና ስለ ቺፕ የሚያወራውን ሰው ልትመልሱት አትሞክሩ አልልም፣ ግን ጊዜያችሁን አትጨርሱበት፤ እሱ ጥቂት ነው። ብዙው ሰው መሀል ላይ ቆሞ የእናንተን ፊት ነው የሚያየው።

መጠራጠር አንዳንዴ የተከፈለበት ትምህርት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? በናይጄሪያ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ገብቶ ሳለ የፋይዘር ኩባንያ ትሮቫን የሚባል አዲስ መድኃኒቱን በ200 ሕፃናት ላይ ሞከረ፤ ግማሾቹ የተለመደውን መድኃኒት ነው ያገኙት። ከሁለቱም ወገን 11 ሞቱ። ሙከራ መሆኑን ማንም አልነገረንም ያሉ ወላጆች ፍርድ ቤት ለዓመታት ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የፖሊዮ ክትባት ካኖ ሲመጣ «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ተነሳ፤ ክትባቱ 11 ወር ያህል ቆመ። የተፈታው ከሙስሊም አገር፣ ከኢንዶኔዥያ፣ በመጣ ክትባት ነው። እንግዲህ በዚያ መሀል ያመለጠው ቫይረስ በሱዳን አድርጎ አራት ዓመት ያህል ፖሊዮ ያልታየባት አገራችን ውስጥ በ1997 ዓ.ም. ገባ። ካኖ ላይ የጠፋ እምነት እኛ ልጆች እግር ላይ ነው የወደቀው።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ እስራኤል ውስጥ የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው በድብቅ ሲደፋ መኖሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ወደ አሥር ሺህ የሚሆን ሰው ኢየሩሳሌም ላይ ወጥቶ ጮኸ። ደሙ የተደፋበት ሰው በሌላ ዘመን «ክንድህን ስጠኝ» ሲባል ትንሽ ቢያመነታ፣ እኔ አላዋቂ አልለውም።

አሁን ወደ ሥራችሁ፣ ወደ ልጃገረዶቹ ልመለስ። በየትምህርት ቤቱ የሚጠብቋችሁን ጥያቄዎች አውቃቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ሁሌም እነዚያው ናቸው። ለምን ሴት ብቻ? ይህ ካንሰር የማህፀን በር ካንሰር ነው፤ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ክትባቱ የሚከላከለው ቫይረስ ወንዶችንም ይይዛል፣ አንዳንድ አገሮች ወንዶችንም ይከትባሉ፤ ለእኛ የሚደርሰን ግን ስለማይበቃ ሞቱ ከበዛበት ተጀመረ። ለምን በዚህ ዕድሜ? እዚህ ላይ ነው አብዛኞቻችሁ የምታፍሩት። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሆነ ክትባቱ ይበልጥ የሚሠራው ከዚያ በፊት ሲሰጥ ነው። ይህን ስትሉ እናትየዋ «ልጄን ምን ልትሏት ነው?» ብላ ትቆጣለች። «ልጅሽ ወደፊት አግብታ ትወልድ የለ? ያኔ እንዳትታመም ነው፤ ዛሬ ስለምታደርገው ነገር አይደለም» በሉ። ዛሬ ልጇ ምንም አላደረገችም፤ ክትባቱ የሚመጣው ለዚህ ነው።

መካን ያደርጋል ወይ? ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ እናንተው አንሱት። አያደርግም። እንዲያውም ማህፀን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ ሲይዝ ማህፀኑን እስከ ማስወጣት ሊያደርስ ይችላል። ለምን ትምህርት ቤት ይላሉ ደግሞ። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ጤና ጣቢያ ምን ታደርጋለች? የምትገኘው እዚያ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሰው ግን ወላጅ ሥራ ላይ በዋለበት ሰዓት የተደረገን ነገር ሁሉ በድብቅ እንደተደረገ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ከዘመቻው በፊት ወላጆችን ለስብሰባ ጥሩ፤ የእድሩን ሊቀመንበር፣ የደብሩን አለቃ፣ የመስጊዱን ኢማም ጥሩ። ለፎቶ አትጥሯቸው፤ ጥያቄያቸውን ቀድመው እንዲጠይቋችሁ ነው።

አንድ ሥራ ላይ የሚገጥማችሁ ነገር አለ። ልጃገረዶች መርፌ ሲወጉ ይደክማሉ፣ ይወድቃሉ። በፍርሃት ነው፤ ከዚህ ክትባት ጋር የታወቀ ነው። ለዚህ ነው ከተወጉ በኋላ 15 ደቂቃ ይቀመጡ የሚባለው። ቁርስ ሳትበላ የመጣች ልጅ ተሰልፋ ቆማ ጓደኛዋ ስትወድቅ ካየች፣ ቀጥላ እሷ ናት። ስለዚህ መውጊያውን ከሰልፉ ዓይን ጋርዱት፣ ልጆቹን አስቀምጡ፣ ውሃ አዘጋጁ።

ኮሎምቢያ ውስጥ ኤል ካርሜን ዴ ቦሊቫር የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያ ይህንኑ ክትባት የወሰዱ ልጃገረዶች እጅ እግራችን ደነዘዘ፣ ራሳችንን ዞረብን እያሉ ሆስፒታል ሞሉ፤ በመቶዎች ነበሩ። ቪዲዮው በስልክ ተዛመተ። የተደረገው ምርመራ ከክትባቱ ንጥረ ነገር ጋር የሚያገናኝ ነገር አላገኘም፤ ጭንቀት ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የሚያመጣው ነገር ነው ተባለ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንትም ይህንኑ በአደባባይ ተናገሩ። ወላጅ ግን የሰማው ሌላ ነው፤ «ልጆቻችሁ ምንም የለባቸውም፣ እያስመሰሉ ነው» የሚል። ልጅቷ እኮ ወድቃለች! የወደቀ ሰው ምንም የለበትም ይባላል? በአገሪቱ ከመቶ ዘጠና በላይ የነበረው የመጀመሪያ ዶዝ ሽፋን በሁለት ዓመት ውስጥ ከሀያ በታች ወረደ። ሳይንሱ ትክክል ነበር። አነጋገሩ ነው የገደለው።

ታዲያ «ምንም የለውም» ካላልን ምን እንበል አትሉኝም? እኔ አሁን እንዲህ ነው የምለው፦ «ክንድሽን ያምሻል፤ ሊያብጥም ይችላል። ዛሬ ማታ ራስሽን ሊያምሽ፣ ሊያተኩስሽ ይችላል፤ በሁለት ቀን ይለቅሻል። ካልለቀቀሽ ወይ ሰውነትሽ ሽፍ ካለ፣ እዚህ ጤና ጣቢያ ነኝ፣ ይህ ስልኬ ነው።» ስልካችሁን ስጡ። አትፍሩ፣ ብዙ ሰው አይደውልም። የሚደውለው ሰው ደግሞ ባትሰጡት ኖሮ ለጎረቤቱ ነበር የሚደውለው።

የዚያችን የግፊት በሽተኛ እናት ታሪክ ልጨርስላችሁ። ክትባቱ ያኔ ሁለት ዶዝ ነበር፤ ዛሬ አንድ መሆኑ ለእናንተ ዕድል ነው። ከስድስት ወር በኋላ ለሁለተኛው ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመለስን። ሴትዮዋ አጥሩ ሥር ቆማ ሲሰለፉ ታያለች። ተነሥቼ ሄድኩ። ያን ቀን ያልመለስኩላትን ሁሉ ነገርኳት፤ ማን እንደሚገዛው፣ ለምን በነፃ እንደሆነ፣ ለምን የሷ መድኃኒት በዚያው መንገድ እንደማይመጣ፣ የተከተቡት ልጆች ምን እንደተሰማቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ይሄ ገባኝ። የግፊቱንስ መቼ ታመጡታላችሁ?» አለች።

«እሱን አላውቅም» አልኳት።

«እንዲህ ያለ መልስ ካንቺ ስሰማ ዛሬ ገና ነው» ብላኝ ሄደች። ልጅቷ ያን ቀን አልተከተበችም። በማግስቱ ሰልፉ ላይ እንደነበረች ርእሰ መምህሩ ደውሎ ነገረኝ፤ እኛ ግን ሳጥናችንን ይዘን ሌላ ትምህርት ቤት ነበርን። ወደ ጤና ጣቢያው እንዲልካት ነገርኩት። ሄዳ ይሆናል።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ማይኩን ከኋላ እንጀምር።